የሙሽራ ማስወጫው ዜማ

እማማ ያለ መደገፊያቸው ቆመው ያየኋቸው የዚያን ቀን ብቻ ነው። እኔ ጀርባዬን ሰጥቻቸው ሽንኩርት እከትፋለሁ፤ እየከተፍኩም አንጎራጉራለሁ። ሹካ ወለሉ ላይ ሲወድቅ ሰማሁና ዞር ስል፣ ከአልጋ ወደ ወንበር ለመዛወር እንኳ የእኔን ክንድ የሚፈልጉት ሴትዮ በሁለት እግራቸው ቀጥ ብለው ቆመዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ማን ሞተ?» አሉኝ።

ስትሮክ መታቸው ብዬ ክው አልኩ። የአስታማሚነት ኮርስ ላይ እንዳስተማሩን ፈገግ ይበሉልኝ፣ ሁለቱንም እጅዎን ያንሱልኝ ልላቸው ስል ጣታቸውን ቀሰሩብኝ።

«ማን ሞተ እኮ ነው የምልሽ! ሬሳው ያለው ማን ቤት ነው?»

«ማንም አልሞተም እማማ። ዘፈን ነው።»

«በሩን ክፈቺ!»

«እማማ፣ ጥር ነው እኮ።»

«ክፈቺ! የጠራሽው ነገር ይውጣ!»

ከፈትኩ። የሴንት ፖል ጥር ዘው ብሎ ገባ። በቃ እስኪሉኝ ድረስ የበሩን እጀታ ይዤ እየተንቀጠቀጥኩ ቆምኩ፤ በሆዴም «እኚህ ሴትዮ ዛሬ ለየላቸው» እላለሁ። ጎረቤቱ ከመኪናው ላይ በረዶ ሲጠርግ ቆይቶ ቀና አለና አየኝ። እጄን አውለበለብኩለት፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ይህ የሆነው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። እኔና ባሌ የምንኖረው ብሩክሊን ሴንተር ነበር፣ እማማ ደግሞ ሴንት ፖል፣ ፍሮግታውን የሚባል ሰፈር። ሥራዬ አቅመ ደካሞችን በየቤታቸው እየሄዱ መንከባከብ ነው፤ እኛ ሐበሾቹ «ፒሲኤ» የምንለው። መጀመሪያ ስመደብላቸው «ጣሊያን ናቸው» ተብዬ ነበርና፣ ገና ከበራፉ «ቦንጆርኖ!» ብዬ ጀመርኩ። ደስ የሚላቸው መስሎኝ። ተቆጡ። ጣሊያን እንዳልሆኑ፣ ሳርዲኒያ የምትባል ደሴት ልጅ እንደሆኑ፣ ደሴቷ የራሷ ቋንቋ እንዳላት፣ ጣሊያንኛ የሚባለውን ነገር ያወቁት ትምህርት ቤት ገብተው በአለንጋ እንደሆነ ኮቴን ሳላወልቅ አስረዱኝ። በወጣትነታቸው አንድ አሜሪካዊ ወታደር አግብተው ነው ወደ ሚኒሶታ የመጡት። ባላቸው ሞቷል፤ ልጃቸው ኢገን የምትባል ከተማ ይኖራል፣ እሑድ እሑድ ብቅ ይላል። እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም፤ እኔ ግን በሆዴ አንቱ እላቸው ነበር። «እማማ» ስላቸው ደስ ይላቸዋል።

ሬዲዮናቸው አጠገብ ሁለት ሣጥን ካሴት ነበር። አንደኛው የጣሊያን ዘፋኞች ነው፤ ፀጉራቸውን በቅባት የለጠፉ ወንዶች፣ ዓይናቸውን የተኳሉ ሴቶች፣ ሁሉም ስለ ባሕርና ስለ ጨረቃ የሚዘፍኑ። እማማ እነዚህን ይወዷቸዋል፣ እየወደዱም ይሰድቧቸዋል። «ድምፁ መልካም ነው፣ ሰውየው ግን አይረባም» ይላሉ፣ የጎረቤት ልጅ የሚያሙ ይመስል። ሁለተኛው ሣጥን የአገራቸው ነው። ከዚያ ሣጥን መጀመሪያ ያሰሙኝ ቀን ከተቀመጥኩበት ዘለልኩ። አራት ወንዶች ክብ ሠርተው፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ይዘፍናሉ። አንዱ ቃሉን ያወጣል፣ ሦስቱ ያጅቡታል፤ ከአጃቢዎቹ አንዱ ከጉሮሮው የሚያወጣው ድምፅ ግን ቁርጥ የበሬ ነው።

«እማማ፣ ይሄ ሰው ነው?»

«እረኛ ነው» አሉኝ፣ ኩራት በኩራት ሆነው።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ሦስት ሸምበቆ ባንድ ላይ የሚነፋ ሰውዬ አሰሙኝ። በአፍንጫው እየሳበ በጉንጩ ስለሚነፋ ትንፋሽ ለመውሰድ አያቆምም። እሱ ሲነፋ እኔ ታፈንኩ።

ለእኔ የጣሊያን ዘፈን ማለት አባባ ነው። አባቴ ደሴ ውስጥ መካኒክ ነበር፤ ሠርግ ሲኖር ደግሞ አኮርድዮኑን አንጠልጥሎ ያጅባል። ጣሊያንኛው ከመኪና ዕቃ አያልፍም፤ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ። ዜማ ከሆነ ግን በሬዲዮና በሲኒማ ቤት የሰማውን ሁሉ ጣቱ ያውቀዋል። ዘፋኙን ከደራሲው እየለየ፣ ይሄኛው የእገሌ ድርሰት ነው፣ ያኛው ሰርቆት ነው እያለ ይከራከር ነበር፤ አንድ ቃል ሳይገባው።

ስሙን ያስጠራው ግን አንድ ቀስ ያለ ዜማ ነው። ከላይ ይነሳል፣ ወደ ታች ይወርዳል፣ ታች ሲደርስ ይንጠለጠላል፣ ከዚያ «አሂ» ይላል። ሰፈራችን «ሙሽራ ማስወጫ» ይለዋል። ሙሽራዋ ከአባቷ ቤት ስትወጣ አባባ በራፉ ላይ ቆሞ ይህን ይጫወታል። እናት ታለቅሳለች፣ አክስት ታለቅሳለች፣ የቆመው ሰው ሁሉ «አሂ» እያለ ይቀበላል። እኔ ስዳርም ራሱ ተጫውቶ አስወጣኝ። እንባው አኮርድዮኑ ላይ እየተንጠባጠበ አንዲት ቁልፍ እንኳ አልሳተም።

ዜማውን ያገኘው ከሠራበት ጋራዥ ባለቤት ነው። አባባ ያኔ ሚስት ያላገባ ወጣት ሠራተኛ ነው። ጣሊያኑ ሰውዬ አንድ ጠዋት ከአገሩ ምን እንደሰማ እንጃ፣ ጓሮ ሄዶ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠ፣ ግንባሩን የጭነት መኪና በር ላይ ደገፈና እስከ ምሳ ሰዓት ሲዘፍን ቆየ። «እኔ ካርቡራተር እያጠብኩ ከኋላ ከኋላው አንጎራጎርኩለት። ዝም በል አላለኝም። ለምሳ ስንወጣ ይዤዋለሁ» ይለን ነበር አባባ። ዘፈኑ ስለ ምን እንደሆነ ስንጠይቀውም አይቸገርም። «በመርከብ ጥላው ስለሄደች ልጅ ነው። ወንድ ልጅ እንደዚያ የሚያለቅሰው ለፍቅር ካልሆነ ለምን ይሆናል?»

እማማን ሹካ ያስጣላቸው ይሄ ዜማ ነው።

በሩን ዘግቼ፣ ብርድ ልብስ አልብሻቸው፣ ሻይ ከያዝን በኋላ ነገሩኝ። የእሳቸው እናት አልቃሽ ነበሩ። በእነሱ ተራራ ሰው ሲሞት ሬሳው መሃል ቤት ይጋደማል፣ ጥቁር የለበሱ ሴቶች ይከቡታል፣ አንዷ ታወርዳለች፣ ሌሎቹ ይቀበሏታል። የምታወርደው ሟቹን ፊት ለፊት ነው የምታናግረው፤ ምን ሠርቶ እንደኖረ፣ ማንን እንደወደደ፣ ማን እንደበደለው፣ ማንን ጥሎ እንደሄደ። ቄሶቹ ነውር ነው ብለው ይከለክላሉ፣ ሴቶቹ እሺ ብለው ያለቅሳሉ። ይሄ እኮ የእኛ ሙሾ ነው! የወሎ አልቃሽ ማን በምን አሻግሮ እዚያ ወሰዳት?

«ደራሲው ማነው?» አልኩ፣ እንደ አባባ።

«የጣሊያኖቹ ዘፈን ደራሲ አለው፣ ስሙም ሸክላው ላይ ይጻፍለታል» አሉ እማማ። «የዚህ ደራሲው የሞተው ሰው ነው። የሞተ ከሌለ ዘፈኑም የለም። ሬሳ በሌለበት ቤት የሚዘፍነው ሞት የሚጠራ ሰው ብቻ ነው።»

የጋራዡን ሰውዬ ነገርኳቸው። ጎማው ላይ መቀመጡን፣ ግንባሩን መኪናው ላይ መደገፉን። ሲሰሙ ቆይተው አቋረጡኝ።

«ወንድ ነው የዘፈነው?»

«አዎ። ብቻውን።»

ሻያቸውን አስቀመጡ። «ወንድ ይህን አይዘፍንም» አሉኝ። «ሰውየው ያገሬ ልጅ ነው፤ እናቱ ሞታበት ነው። አጠገቡ እህት የለችው፣ አክስት የለችው፣ ያገሩ ሴት የምትባል የለችው። የሚያለቅስላት ሲያጣ ራሱ አለቀሰላት።» መነጽራቸውን አወለቁና በሹራባቸው ጫፍ ጠረጉት።

አዘንኩ፣ ማዘኑስ አዘንኩ። ወዲያው ግን ሠርጉ ትዝ አለኝ። የሰፈራችን ሙሽራ በሙሉ በሙሾ ነው የወጣችው! እኔም! ድንጋጤዬ ሳቅ ሆነ፣ ሳቁ ተመልሶ ድንጋጤ ሆነ። አባባ ይህን ሲሰማ ምን ይል ይሆን? መጀመሪያ ይክዳል፣ ቀጥሎ እማማን ይሳደባል፣ ከዚያ እንባው እስኪወርድ ይስቃል። ዕድሜው ገፍቷል፣ ደረቱን ያመዋል፤ ዕድሜ ልኩን ሲጫወተው የኖረውን ነገር ሳያውቅ እንዲቀር አልፈለግኩም። ያን ሰሞን ከምንም በላይ የምፈልገው ስልኩን አንስቶልኝ «አባባ፣ ያ ዘፈንህ…» ብዬ መጀመር ነበር።

በማግስቱ የስልክ ካርድ ፍቄ ደሴ ደወልኩ። እህቴ አነሳች።

«አባባ ጸበል ሄዷል» አለችኝ።

«አባባ? ጸበል?»

«ደረቱን ጠንቶበት ነው። ይሻለዋል፣ አታስቢ።»

ሌላ ቀን ደወልኩ። ሱባኤ ገብቷል፣ ስልክ አይሰጡትም ተባልኩ። ይሄኔ ደሜ ፈላ። አባባ ሱባኤ! ዓርብን እንኳ ይጾም የነበረው እናታችን በሕይወት ሳለች፣ ያውም ስታየው ነው። «ቄሱን ጥሪልኝ! ልጁ ከአሜሪካ ናት በዪው! የምነግረው ትልቅ ነገር አለኝ!» ብዬ ጮህኩባት።

«ለእኔ ንገሪኝና እኔ እነግረዋለሁ» አለች። ድምፅዋ ቅጥን ብሎ ነበር።

«ለራሱ ነው የምነግረው!» ብዬ ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት።

ለባሌ ተማረርኩ። ባሌ ታክሲ ይነዳል፤ ሲበዛ ዝምተኛ ነው። «ሪላክስ አድርጊ የኔ ቆንጆ። ላይኑ ነው የሚያስቸግረው። ዊክኤንድ ትራይ እናደርጋለን» አለኝ። የኔ ቆንጆ! ከተጋባን ጀምሮ ከአፉ ወጥቶ የማያውቅ ቃል። ያን ሰሞን ደግሞ ሳህን ማጠብ ጀመረ። ሳህን የት እንደሚቀመጥ የማያውቅ ሰው፣ ከታክሲው ወርዶ ጃኬቱን ሳያወልቅ እጁን ሳሙና ውስጥ ይከታል። «ቅዳሜ ሺፍት እንዳትይዢ፣ ፕሊስ፣ አብረን እንዋል» ብሎም ለመነኝ። እኔ ሞኟ ፍቅር ያገረሸበት መስሎኝ ፀጉሬን ተሠራሁ።

ይህንኑ ሁሉ ለእማማ አወራሁላቸው። አባቴ የተቀደሰ ውኃ ያለበት ገዳም እንደሄደና ስልክ እንደማይሰጡት፣ እህቴ እንዳናደደችኝ፣ ባሌ ግን እንዴት ያለ ደግ ሰው እንደሆነ፣ ሳህን ሳይቀር እንደሚያጥብልኝ። እማማ ሾርባቸውን ትተው ያዩኝ ጀመር። ብዙ አዩኝ። ከዚያ እጃቸውን ሰደዱና የጣሊያኑን ዘፋኝ መሃል ላይ አጠፉት።

«በሩን ዝጊና ተቀመጪ። አባትሽ የዜማውን መጨረሻ አጥፍቶታል። በትክክል ላስተምርሽ።»

«እንዴ! ሰው ካልሞተ አይዘፈንም አላሉም?»

«ዝም ብለሽ ተማሪ።»

አስተማሩኝ። እጄን ጠረጴዛው ላይ ጭምቅ አድርገው ይዘው፣ በዚያ በሚንቀጠቀጥ ድምፃቸው እያወረዱ አስተማሩኝ። አባባ «አሂ» ላይ ያቆም ነበር፤ ለካ አያቆምም። ከእሱ በኋላ የሟቹ ስም ይገባል። «እዚህ ጋ» አሉኝ ጠረጴዛውን በጣታቸው መታ እያደረጉ፣ «ስሙ እዚህ ጋ ነው የሚገባው።»

«የማን ስም?»

«በጊዜው ታውቂዋለሽ።»

አሮጊት እንዲህ ናት፣ ዛሬ የከለከለችውን ነገ ታዝዛለች ብዬ ተነስቼ ሾርባቸውን አሞቅኩላቸው።

ቅዳሜ ማለዳ በሩ ተንኳኳ። ባሌ ለብሶ ቆሟል፤ በእረፍት ቀኑ በዚያ ሰዓት ለብሶ አያውቅም። ሲከፍት ሰዎች ተከታትለው ገቡ፣ የጫማቸውን በረዶ እንኳ ሳያራግፉ። ወንዶችም ሴቶችም፣ ሁሉም የማውቃቸው፣ ሁሉም ወለል ወለሉን የሚያዩ። ከሴቶቹ ካፖርት ሥር ነጠላ አየሁ። ነጠላው ተዘቅዝቋል።

ከፊት የቆሙት ያገሬ ልጅ፣ የደሴ ሰው ናቸው፤ ኤርፖርት ፓርኪንግ የሚሠሩ፣ ድሮ ሠርጋቸውን አባባ ያጀበላቸው። ኮፍያቸውን አወለቁ።

«እንግዲህ ልጄ፣ በርቺ። የሰው ልጅ ነን» አሉኝ። «አባትሽ ካረፉ ሰነበቱ።»

ጸበሉ። ሱባኤው። የእህቴ ድምፅ። የኔ ቆንጆ። ሳህኑ። ሁሉም ባንድ ጊዜ መጥቶ ደረቴ ላይ ወደቀ። መርዶ እንዴት እንደሚነገር የማላውቅ ሰው አይደለሁም እኮ! ለሐዘንተኛ በስልክ አይነገርም፣ ሥራ ላይ ሳለ አይነገርም፣ ብቻውን ሳለ አይነገርም፤ ሰው ይሰበሰባል፣ ኦፍ የሚሆንበት ቀን ይጠበቃል፣ እስከዚያ ሁሉም አፉን ይይዛል። ራሴ ከእነዚሁ ሰዎች ጋር ስንቱ ቤት በማለዳ ገብቻለሁ። በእኔ ላይ ሲሆን ግን አንዲት ነገር አልታየኝም። ከታክሲ የወረደ ባሌ ሳህን ሲያጥብ እያየሁ አልታየኝም! ባሕር ማዶ የተወለዱ አሮጊት፣ አባቴን በዓይናቸው አይተውት የማያውቁ፣ ሾርባ እየጠጡ ያወቁትን እኔ አላወቅኩም። እጄን የያዙት ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ጮህኩ። ምን ያህል እንደጮህኩ አላውቅም። ሴቶቹ ይዘውኛል፣ አንዷ መቀነቴን ታጠብቃለች። ከዚያ ጩኸቱ በራሱ ጊዜ ከላይ ወደ ታች መውረድ ጀመረ። እኔ አልመረጥኩትም። ታች ደርሶ ተንጠለጠለ፣ ቃልም ገባበት።

አንድ ወሬ ነበር፣ ለብቻ የምነግርህ፣
ሙሽራ ስትሸኝ፣ ሙሾ ነው ዘፈንህ።
በዚሁ ዜማ ነው፣ ድረህ የሸኘኸኝ፣
ዛሬ የኔ ተራ፣ ልሸኝህ ና ስማኝ።

«አሂ» አልኩ። ከ«አሂ» ቀጥሎ፣ ባዶ በነበረው ቦታ፣ የአባቴ ስም ገባ።

ባሌ ዜማውን ያውቀዋል፤ የእኛው ሠርግ ነው። ፊቱ ደም የሚባል አልነበረውም። «ኧረ የሠርጉን ዘፈን ነው የምትዘፍነው! ኧረ አእምሮዋን ነካት! ወተር ስጧት፣ ፕሊስ፣ ወተር!» ብሎ ጮኸ። ሴቶቹ ተያዩ። በአባት መርዶ ላይ የሠርግ ዘፈን! አንዷ በነጠላዋ አፌን ልትይዘኝ እጇን ዘረጋች። ማበዴ ከሆነ ልበድ አልኩና እንደገና ከላይ ያዝኩት። የምነግረው አላለቀማ። የጋራዡን ጌታ ነገርኩት፣ እናቱ ሞታበት እንደነበር ነገርኩት፣ የመርከቧ ልጅ ውሸት እንደሆነች ነገርኩት። ስልክ ላይ ልነግረው የነበረውን ሁሉ በራሱ ዜማ ነገርኩት።

የደሴው ሰው ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ደርቀው ቀርተው ነበር። ሠርጋቸው ይሆን የታያቸው፣ ሚስታቸው ከአባቷ በራፍ ስትወጣ፣ አኮርድዮኑ፤ ጠይቄያቸው አላውቅም። ታች ወርጄ ስንጠለጠል «አሂ» አሉ። ድምፃቸው ተሰንጥቆ፣ እንባቸው ዱብ ዱብ እያለ፣ በትክክለኛው ቦታ «አሂ» አሉ። ቀጥሎ አንዲት ሴት፣ ቀጥሎ ሌላዋ። ዜማውን ሰምተውት የማያውቁት ሁሉ ተቀበሉኝ።

ሐዘኑን ተቀምጬ ወደ ሥራ ስመለስ እማማ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሰው ጠበቁኝ። ማን እንዳለበሳቸው እንጃ፤ የሹራቡ ቁልፍ ተዛንፎ ተቆልፏል። ሬዲዮው ጠፍቷል። ተንበርክኬ ቁልፉን አስተካከልኩላቸው።

«መቼ አወቁ?» አልኳቸው።

«ባልሽ ሳህን ማጠብ ሲጀምር።»

ሳቅ አመለጠኝ፣ ከሳቁ ጋር እንባዬም መጣ። «ለምን አልነገሩኝም?»

«መናገር የሰዎችሽ ነው። ማዘጋጀት የእኔ» አሉ። ዓይኔን በመሐረባቸው ጠረጉልኝና እንደ ሥራ ነገር ጠየቁኝ፤ «ማን ተቀበለሽ?»

«አባቴ ሠርጉን ያጀበለት ሰውዬ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። መልሱ ያረካቸው መሰለኝ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ ውጪ በረዶው መጣል ጀምሯል።

«የዚያ የጋራዡ ሰውዬ ግን ልቤን ይበላኛል» አሉ። «ብቻውን ማልቀሱ አይደለም። ሙሉ ጠዋት አውርዶ የሚቀበለው አንድ ሰው ማጣቱ ነው።»

አዎ፣ ያሳዝናል ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ያኔ ካርቡራተሩ ትዝ አለኝ። ቤንዚን የነካው የአባቴ እጅ፣ ጓሮው፣ ዝም በል ያላለው ሰውዬ።

«ነበረው እማማ» አልኳቸው። «አባቴ ተቀብሎታል።»